በሞቴ ያልኳት አስተናጋጅ

በዚህ ዕድሜዬ ሆቴል አድሬ አላውቅም ነበር። ለቅሶ ሄጄ ሰው ቤት አድሬአለሁ። ጠበል ሄጄ ድንኳን ውስጥ አድሬአለሁ። በጥበቃ ሥራዬ ስንቱን ሌሊት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አንግቻለሁ። ለመዝናናት ብሎ የራስን አልጋ ትቶ ሌላ አልጋ ላይ መተኛት ግን የኔ ነገር አልነበረም። አሁን የምነግራችሁ ቦሌ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የገጠመኝን ነው። የሆቴሉን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ እንጀራቸውን ይብሉበት። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ካላማረ ነገሩን ያዙልኝ።

እኔ ዛሬ ሰሚት የሚባለው ሰፈር ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ በነበረ ጊዜ እዚያው አራሽ ነበርኩ። መሬቱ ለቤት ሥራ ተወሰደ፤ ኮንዶሚኒየም በቀለበት። እኔም ከአንዱ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ጥበቃ ሆኜ ቀረሁ። መኪና ሲመጣ እከፍታለሁ፤ ሲያልፍ እዘጋለሁ። ለዚህ ሙሾ አላወርድም። ከኔ የባሰበት ብዙ ሰው አለ።

አንድ የምኮራበት ነገር ነበረኝ። ቤቴ የመጣ ሰው ሳይበላ አይወጣም። በልቻለሁ ቢለኝ አልሰማም፤ ጠግቤአለሁ ቢለኝ አልሰማም። ጠቅልዬ እጄን እዘረጋለሁ፤ «በሞቴ» እላለሁ። በሞቴ ከተባለ በኋላ ማን እምቢ ይላል? አፉን ይከፍታል። ጎረቤቶቼ ወደኛ ቤት ሲጠሩ ቀበቷቸውን አላልተው ነው የምንመጣው እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔ ቀልዱን እንደ ምርቃት ነበር የምወስደው።

ልጄ ሌንሴ እዚሁ ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አንድ የጉዞ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ቢሮው ሀብታም እንግዶችን ያስጎበኛል። ጥሩ ሆቴል ያሳድራቸዋል፤ እንጦጦን፣ ድሮ ነገሥታቱ የኖሩበትን ግቢ፣ ከዚያ ደግሞ ወጣ አድርጎ የቢሾፍቱን ሐይቅ ያሳያቸዋል። አንድ ቀን ከውጭ የሚመጡ ባልና ሚስት ሁሉን ነገር ከፍለው ካበቁ በኋላ ቀሩ። የቢሮዋ ባለቤት ለሌንሴ፣ ከሚባክን እናትና አባትሽ ይሂዱበት አላት።

እኔ እምቢ አልኩ። ሌንሴ ለመነችኝ፤ እምቢ አልኩ። የሰው ቦታ ነው፣ የሰው አልጋ ነው አልኩ። ባለቤቴ ሽታዬ በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግን የክት ቀሚሷንና ነጠላዋን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታለች። በዓልም ሰርግም አልነበረም። ልብሱን አየሁት። ማታ ለሌንሴ ደውዬ እሺ አልኳት።

የሚያመላልሰን ሹፌር ቢኒያም ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ሰፈራችን ድረስ መጥቶ የመኪናውን በር ሊከፍትልኝ ሲዞር እኔ በወዲያኛው በኩል ከፍቼ ገባሁ። ሆቴሉ ስንደርስ ሊከፍትልኝ ሲዞር እኔ ከፍቼ ወጣሁ። «አባባ፣ ሥራዬን ቀሙኝ እኮ» አለኝ እየሳቀ። የሆቴሉ መግቢያ ላይ ዱላዬን ተቀብለው እንደ ሻንጣ በማሽን አሳለፉት። ዱላ ነው አልኳቸው። እናውቃለን አባባ አሉኝ፤ ግን አሳለፉት።

ክፍላችን ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ አውሮፕላን ሲያርፍ ሲነሳ ይታያል። ሽታዬ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። ሙቅ ውኃ ለጉልበቷ ተስማምቷት ነው። በኋላ ነጭ ካባ የሚመስል የሆቴል ልብስ ለብሳ ወጣች።

«ጳጳስ መሰልሽ» አልኳት።

ሳቀች። ሽታዬ እንደዚያ ከሳቀች ቆይታ ነበር።

እኔ ግን ደከመኝ። ምን ሠርቼ እንደደከመኝ አላውቅም። ከሊፍቱ ስወጣ አንዱ እንዴት ዋሉ ይለኛል፤ ኮሪደሩ ላይ ሌላዋ ምን ልርዳዎ ትለኛለች፤ ወንበር ላይ ስቀመጥ ደግሞ ሌላው ተመችቶዎታል ወይ ይለኛል። ለሁሉም እግዜር ይስጥልኝ ስል ዋልኩ። ዕድሜዬን በር ላይ ቆሜ ሰላም ባይ ነኝ፤ ሰላም መባል እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

አማረችን ያገኘናት በማግስቱ ቁርስ ላይ ነው። የምግብ አዳራሹ አስተናጋጅ ናት፤ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ ልጅ። ምግቡ እንዴት እንደሚነሳ ጠፍቶን ሳህን ይዘን ቆመን ስናይ መጥታ፣ እኛ ያላወቅን ሳይመስል፣ ቁጭ በሉ እኔ አመጣላችኋለሁ አለችን። ሽታዬ ጉልበቷን ስታሽ አይታ ደግሞ ሳትጠየቅ ትራስ አምጥታ ከጀርባዋ አደረገችላት። ሽታዬ ሰው ካልጠየቀች አታርፍም፤ ከየት እንደመጣች ጠየቀቻት። ከሆሳዕና ናት። ጎሮ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ሥራው የመጀመሪያዋ ነው፤ የሙከራ ጊዜ ላይ ናት፤ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀራት። ቋሚ ከሆነች ታናሽ እህቷን አምጥታ አጠገቧ ልታስተምራት ነው።

«ይጸልዩልኝ እማማ» አለቻት ሽታዬን።

ሽታዬም እኔም አሜን አልን።

ቢኒያም ከቁርስ በኋላ እንጦጦ ይዞን ወጣ። ንጉሡ የኖሩበትን ቤት አሳዩን። ጭቃና እንጨት ነው፤ ኖራ ተቀብቷል። ሽታዬ ግድግዳውን በመዳፏ ነክታ፣ የኛ አሮጌው ቤት እንዲህ ነበር አለች። አስጎብኚው ልጅ አትንኩ ሊል ብሎ አፈረ መሰለኝ ተወው። ከተማው ወደሚታይበት ስንወጣ ቢኒያም ወደ ምሥራቅ ጣቱን ዘርግቶ፣ አባባ ሰሚት ያውልዎት አለኝ። የኔ እርሻ በየት በኩል እንደሆነ ፈለግሁ። ጣራ ነው ያየሁት። ፀሐዩ ሲመታው ያብረቀርቃል። ብዙም አልቆየሁ፤ እንሂድ አልኩ።

ለምሳ ሆቴል ተመለስን። አዳራሹ ሞልቷል። አማረች ጠዋት ያየናት ቦታ ላይ ናት። እኛ ተራራ ወጥተን፣ ቤተ መንግሥት አይተን ስንመለስ እሷ አልተቀመጠችም። ከምሰሶው ትንሽ ደገፍ ትልና፣ ጥቁር ኮት የለበሰችው ተቆጣጣሪ ስታልፍ ቀጥ ትላለች። መቆም ሥራዬ ነው፤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በባዶ ሆዷ ነው የቆመችው አልኩ በልቤ። ማንም አልነገረኝም፤ እኔው ፈረድኩ።

የባህል ምግብ አዝዘን ነበር። እንጀራው እንደ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ ጥብሱ በትንሽ ሸክላ መጣ። አማረች አቅርባ ልትሄድ ስትል ጠራኋት።

«በልተሻል?»

«እበላለሁ አባባ።»

«መቼ?»

«ተራዬ ሲደርስ።»

ይሄ መልስ ለኔ አልበላሁም ማለት ነው። ከእንጀራው ቆረስኩ፤ ከጥብሱ መርጬ ጠቀለልኩ።

«እንኪ» አልኳት።

ፈገግ ብላ ወደ ኋላ አለች። «ተባረኩ አባባ። አይፈቀድልንም።»

ይሄን ጊዜ ሽታዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ጉርሻው አንሷል ማለቷ መሰለኝ። አንድ ጥብስ ጨመርኩበት።

«በሞቴ» አልኩ።

ልጅቷ ግራ ቀኝ አየች። «አባባ፣ እባክዎ…»

«አፈር ስሆን። ይሄን እጄን አትመልሽው።»

እጄ አየር ላይ ነው። መረቁ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ይንጠባጠባል። አጠገባችን ያሉት ሰዎች መብላት ትተው ያዩናል። እስቲ ፍረዱ፤ ያንን ልጅ እናትና አባቷ ጨዋ አድርገው አሳድገዋታል። የሽማግሌ እጅ ተዘርግቶ እንዲቀር እንዴት ታድርግ? ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተች። ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ጉንጯ አበጠ። ተቆጣጣሪዋ ያን ጊዜ ነው ያየቻት። አልጮኸችም። በጣቷ ብቻ ጠራቻት። አማረች አፏን በእጇ ሸፍና ሄደች።

እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ካልጻፍኩ መጻፌ ምን ያደርጋል? ሁለት ቀን ሙሉ ሲደረግልኝ ሲደረግልኝ ቆይቼ፣ በመጨረሻ እኔ ለሰው አንድ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ሽታዬ አልበላችም።

ሻይ ያመጣልን ሌላ አስተናጋጅ ነው። ልጅቷስ ስለው፣ ሌላ ቦታ ተመድባ ነው አለኝ። ሲናገር የሚያየው ሻዩን ነው። እንዲህ በል ተብሎ የሚናገርን ሰው ድምፅ አውቃለሁ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ፣ ጌታዬ የሉም በላቸው ስባል የማወጣው ድምፅ ነው። ቢኒያምን ጠርቼ እስቲ ጠይቅ አልኩት። ሄዶ ቆየ። ሲመለስ ቀስ እያለ ነው የመጣው።

«አባባ፣ የደንብ ልብሷን አስረክባለች» አለኝ። እንግዶች ፊት፣ ከእንግዳ ሳህን፣ ከእንግዳ እጅ በላች ተባለች። አንድ ሰውም ደስ አላለኝም ብሎ ተናግሯል። ሙከራ ላይ ስለሆነች ማስጠንቀቂያ እንኳ አያስፈልግም፤ በቃሽ ብለዋታል።

ተነስቼ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ወጣት ነው፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፤ እኔን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ፣ አስቀመጠኝ፣ ውኃ አስመጣልኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ እምቢ እንዳለችኝ፣ እኔ በሞቴ እንዳልኳት፣ እጄን ዘርግቼ እንዳስጨነቅኋት አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። «ቅጣቱን ለኔ ስጠኝ።»

«አባባ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት። እንግዳ አይቀጣም።»

«እሷ ልትቀጣ እኔ ልተርፍ?»

ገብቶኛል አለ። የኔም አባት እንዲሁ ናቸው አለ። ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ዛሬ አንዷን ካለፍኩ ነገ ሁሉም ይበላል አለ። ከዚያ እርስዎ ግን በዚህ አይጨነቁ፣ ወደ ክፍልዎ ፍራፍሬ ላስልክልዎ አለኝ።

ፍራፍሬ ሲለኝ ደሜ ፈላ። በሩን የምንከፍትበትን ካርድ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «እንግዲያው ከአሁን ጀምሮ እንግዳህ አይደለሁም» አልኩትና ወጣሁ።

ወዴት እንደምሄድ አውቄአለሁ። ድሮ የተበደለ ሰው የትልቅ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። አባቴ ስለ መሬት ነገር ባላባት በር ላይ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ሰንብቶ፣ ባላባቱ ሲሰለቸው ፈርዶለታል። እኔም የሆቴሉ ዋና በር ጎን፣ መኪና በሚገባበት፣ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ዱላዬን በጉልበቴ መካከል ተከልኩ። ልጅቷን እስኪመልሱ አልነሳም አልኩ። ገቢና ወጪው ያየኛል። ጥሩ፣ ይየኝ አልኩ።

የበሩ ጥበቃ ጎልማሳ ሰው ነው። መጀመሪያ ፀሐይ ነው አባባ፣ ጥላው ጋ ይቀመጡ አለኝ። ተመችቶኛል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ በሬዲዮው ነገሩት። መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። እንደገና ነገሩት። ሲመለስ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«አባባ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እዚህ ከተቀመጡ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የፈለጉትን ያድርጉ፤ የኔ በር ላይ ግን አይሁንብኝ።»

ይሄን ቃል እኔ በምጠብቀው በር ላይ ለስንት ለማኝ፣ ለስንት ባለጉዳይ ተናግሬዋለሁ። ተነስቼ ግንቡን ይዤ ትንሽ ራቅ አልኩ። ግን አሁንም መቀመጤን አልተውኩም።

ሽታዬ ያገኘችኝ እዚያ ነው። የሆቴሉን ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ነው የወጣችው። ጉልበቷን ይዛ አጠገቤ ቆመች፤ አልተቀመጠችም።

«እስከ መቼ ነው?» አለችኝ።

«እስኪመልሷት።»

«እሷ ተቀመጥልኝ አለችህ?»

በዱላዬ ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረግሁ።

«እግርህን የረገጥኩህ ተው ልልህ ነበር» አለች።

«ጨምር ያልሽኝ መስሎኝ።»

አልሳቀችም። «አንተ በቃኝ የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? እህቴ ታማ ቤታችን የመጣች ጊዜ፣ አልችልም እያለችህ፣ በሞቴ እያልክ አበላሃት። ከዚያ አንተ ተኛህ። ስታስመልስ ጭንቅላቷን ይዤ ያደርኩት እኔ ነኝ። ሰውም ለጋስ ነው አለህ፤ እኔም ዝም አልኩ። ልጅቷ አይፈቀድልኝም አለችህ፤ በሞቴ አልካት። አሁን ደግሞ ሰውዬውን በሞቴ ልትለው ነው እዚህ የተቀመጥከው። ከዚህ የተለየ ምንድነው?»

ሽታዬ ይሄን ሁሉ የተናገረችው ድምጿን ሳታነሳ ነው። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይሄን ቃል አፏ ላይ ይዛው እንደኖረች ድምጿ ያስታውቅ ነበር። ፀሐዩ ጠነከረብኝ። እርጅናዬ በአንድ ጊዜ የመጣብኝ መሰለኝ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አልኳት።

«ሂድና ልጅቷን ጠይቃት። ምን እንደምትፈልግ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ጠይቅ።»

ቢኒያም አማረች ገና እንዳልሄደች አውቆ ነበር። በሆቴሉ ጀርባ፣ ሠራተኞች በሚገቡበት በር ወሰደን። የራሷን ልብስ ለብሳ፣ ፌስታል አቅፋ፣ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጓደኛዋ ከውስጥ ጫማዋን እስክታወጣላት እየጠበቀች ነው። ስታየን ብድግ አለች። ተቀመጪ ልላት ብዬ ተውኩት።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ አመሌ አይለቀኝምና፣ ክስ እንመሠርታለን፣ የልጄን አለቃ እናስመጣለን፣ ጋዜጣ ላይ እናወጣለን እያልኩ መዘርዘር ጀመርኩ። ሽታዬ ነጠላዬን ሳበችኝ። እንደምንም አፌን ሰብስቤ፣ «ልጄ፣ ምን ላድርግልሽ?» አልኳት።

ፌስታሉን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች።

«እውነቱን ልንገርዎ?»

«ንገሪኝ።»

«ይግቡ።»

«ወዴት?»

«ወደ ሆቴሉ። ይግቡና እራትዎን ይብሉ። በኔ ምክንያት እንግዳ ተቆጥቶ ጥሎ ወጣ ከተባለ አለቀልኝ። ሌላ ሆቴልም አይቀጥረኝም፤ ይሰማማሉ። ደስ ብሏቸው ሄዱ ከተባለ ግን፣ ተቆጣጣሪዬ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ሲበርድላት መጥቼ እለምናታለሁ። እባክዎ ደጅ አይቀመጡብኝ። ማንንም አይለምኑልኝ። ደስ ይበልዎ።»

ሥራ ነው የሰጠችኝ። ከዚህ የከበደ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ልንሄድ ስንል፣ «ደግሞ በልቼ ነበር አባባ» አለችኝ። «ጠዋት የሠራተኛ ቁርስ አለን።» ልታጽናናኝ ነው መሰለኝ። ጭራሽ ገደለችኝ።

በዋናው በር ገባሁ። ጥበቃው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ዱላዬን እንደገና በማሽኑ አሳለፉት፤ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ሥራ አስኪያጁ ካርዱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። ደክሞኝ ነው፣ እርጅና ነው አልኩት። ምንም አይደል አባባ አለኝ። እዚያ ቁም ሳጥን የሚያህል መስታወት አለ፤ ሳልፍ አየሁት። የተሸነፈ ሽማግሌ ነው ያየሁት።

እራት ላይ አስተናጋጁ ወንበር ሳበልኝ፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ፎጣውን ጭኔ ላይ ዘረጋልኝ፤ ተውኩት። ምግቡ አፌ ውስጥ ገለባ ሆነብኝ። በላሁት። ጨመሩልኝ፤ በላሁት። በሰው እጅ ያለፍላጎቱ የጎረሰ ሰው ምን እንደሚሰማው ያን ቀን ነው የቀመስኩት፤ ያጎረሰኝም የራሴ ጥፋት ነው።

ተቆጣጣሪዋ በየጠረጴዛው እየዞረች ሁሉ ነገር ተስማምቷችኋል ወይ ትላለች። ወደኛ መጣች። ፊቷ ላይ ድካም አለ፤ ከጠዋት ጀምራ እሷም ቆማለች። ሽታዬ ወደ እኔ አየች።

«ደስ ብሎናል» አልኩ። «ልጆቻችሁ ጨዋ ናቸው። ያቺ አማረች የምትባለው ደግሞ እንደ ልጃችን ነው የያዘችን።»

አንገቷን ነቀነቀች። ግን ወዲያው አልሄደችም፤ ሳህኑን አስተካከለች። ያን ጊዜ ቃሉ አፌ ላይ መጣ። በሞቴ መልሻት። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገረው ያቺም ሴት የሰው ልጅ ናት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያያት ሽማግሌ በሞቴ ሲላት ትጨነቃለች፤ ምናልባት እሺ ትላለች። ምናልባት ደግሞ በልቧ ቂም ትይዝና ልጅቷን በኋላ ትጎዳታለች። አላውቅም። ልጅቷ አይለምኑልኝ ብላኛለች። ቃሉን ከምግቡ ጋር ዋጥኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አልኩ።

ሴትዮዋ ሄደች። ሽታዬ እጇን በጠረጴዛው ሥር አድርጋ ጉልበቴ ላይ አኖረችው።

በማግስቱ ቢሾፍቱ ሄድን። ሐይቁ ዳር ከሣር ክዳን ሥር አስቀመጡን። ሽታዬ የዚያ አካባቢ ልጅ ናት፤ ከአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ጋር በኦሮምኛ የዘመድ ስም ሲቆጥሩ ዋሉ። ቢኒያም ፎቶ አነሳን። ለሌንሴ ቢሮ ጥሩ ሆኖ እንዲደርስ ሳቅሁ። ፎቶው አሁንም ቤታችን ተሰቅሏል፤ ያየው ሁሉ እንዴት ደስ ብሎህ ነበር ይለኛል። ሥራዬ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ጥበቃዬ ላይ ቆሜ ስለዚያች ልጅ አስባለሁ። ሌንሴን መጠየቅ ፈልጌ እተዋለሁ፤ ጠይቄ ደግሞ ነገር እንዳላበላሽ። አንድ ቀን ስልኬ ጠራ፤ አማረች ናት። ቁጥሬን ከቢኒያም ወስዳ ነው።

«አባባ፣ መለሱኝ» አለችኝ።

አዳራሹ ግን አይደለም። ምድር ቤት ልብስ እጥበት ነው፤ አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት፣ እንግዳ የማይደርስበት። የሙከራ ጊዜውም እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ተቆጥሮባታል። እህቷን የማምጣቱ ነገር ለጊዜው ቆሟል።

«ደስ ብሎሻል?» አልኳት።

«ሥራ ነው አባባ» አለችኝ። እማማን ሰላም ይበሉልኝ ብላ ዘጋች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ታሪኩ ለክፉ አልሰጠም ትሉ ይሆናል። እኔም አንዳንድ ቀን እንዲያ እላለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ያቺ ልጅ ፀሐይ በማይገባበት ቤት የምታጥበውን አንሶላ አስባለሁ። ደግነት ብዬ ይዤው የኖርኩት ነገር ግማሹ ደግነት፣ ግማሹ ማስገደድ እንደነበረ ያወቅሁት ሸምግዬ ነው። የቱ ጋ እንደሚለያይ አሁንም በደንብ አላውቅም። እንግዲህ እናንተ እጃችሁ ገና ብርቱ ሳለ፣ የሰውየውን ፊት አይታችሁ ዘርጉት።

በቀደም የድሮ ጎረቤታችን ከሩቅ መጥቶ እኛ ቤት ምሳ በላ። ጥቂት ቀመሰና በቃኝ አለ። እኔ እጄን ሰበሰብኩ። ምነው ዘመኑ አንተንም ቀየረህ፣ ሆቴል አድረህ ንፉግ ሆነህ መጣህ አለኝ፤ እየቀለደ ነው፣ ግን ትንሽ ከፍቶታል። አላስረዳሁትም። ወሬው ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ሰውየው ሳናስተውለው ወደ ማዕዱ ተመልሶ፣ የፈለገውን ያህል በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ሄደ።